ዐሥራ ዘጠኝ ተብሎ የተጻፈው ልጅ

ደሴ ውስጥ ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። የውርስ፣ የቀለብ፣ የይዞታ፣ የጡረታ ጉዳይ ይመጣልኛል። ሰው ችግሩን ይነግረኛል፣ እኔ ወረቀት ላይ አሰፍረዋለሁ። ይህን ጉዳይ የምጽፈው እናትየውም ልጁም ስለፈቀዱልኝ ነው። ስማቸውን፣ ቀበሌያቸውን፣ ልጁ የነበረበትን የጦር ክፍል አልጠራም። ከዚያ ወዲህ ሦስት እናቶች ተመሳሳይ ነገር ይዘው መጥተውብኛል። ሦስቱም የጠየቁኝ አንድ ነው፦ «ልጄ በልጅነቱ ውትድርና ገባ፣ አሁን መውጣት ይፈልጋል፣ ምን ይሻለዋል?»

እናትየው መጀመሪያ የመጣችው ኅዳር 2015 ነው። ከሐይቅ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር። ጠዋት ነበር፤ ጦሳ በጉም ተሸፍኖ ከተማው ገና አልሞቀም። በፌስታል የጠቀለለችውን ከጉያዋ አወጣች። አንድ የቀበሌ ደብዳቤ ቅጂና ልጁ በሬንጀር የተነሳው ፎቶ ነው።

«አያ፣ ልጄን አስወጣልኝ» አለችኝ። ሌላ ሰላምታ አልነበረም።

ታሪኩ ይህ ነው። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ቤተሰቡ ሸሽቶ እስከ ደብረ ብርሃን ደርሷል። ባሏ ቀድሞ ሞቷል። ልጁና ሁለት ታናናሽ እህቶቹ ናቸው ያሏት። ደሴ ኅዳር 27 ስትለቀቅ ተመለሱ። በሬው የለም። ጎተራው ባዶ ነው። ልጁ በዚያ ዓመት ዐሥረኛ ክፍል ሊገባ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ግን በሩም ወንበሩም አልነበረውም። በታኅሣሥ፣ ወጣቱ ለመከላከያ ይመዝገብ ሲባል፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሄዶ ተመዘገበ። እናትየው የዚያን ቀን ገበያ ነበረች። የሰማችው ማታ ነው።

«ሂድ አላልኩትም። አትሂድም አላልኩትም። ዝም አልኩ። እሱ ዝምታ ነው አሁን የሚበላኝ» ትላለች።

በነሐሴ 2014 ውጊያው በቆቦ በኩል እንደገና ተነሳ። ከሦስቱ ጓደኛሞች አንዱ ከዚያ አልተመለሰም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ ልጁ ስልክ አግኝቶ ደወለ። «እማ፣ በቃኝ። ትምህርቴን እፈልጋለሁ» አላት።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። እንዲህ ያለውን ልጅ ፈሪ የሚል ሰው አለ። እኔ በዚህ አልስማማም። ይህ ልጅ በውጊያ ውስጥ ያለፈ ነው። በልጅነቱ የወሰነውን ነገር፣ ካየና ካወቀ በኋላ እንደገና አሰበበት። አዋቂ የሚያደርገውን ነው ያደረገው። አገሩን መውደዱም አልተለወጠም። ሳገኘው ስለ ጓደኞቹም ሆነ ስለ አለቆቹ አንድ ክፉ ቃል አልሰማሁበትም።

የመጀመሪያውን ማመልከቻ የጻፍኩት ልክ እንደነገረችኝ ነው። ባሏ ሞቷል፣ ረዳት የላትም፣ ልጇ ናፍቋታል። ሁሉም እውነት ነው። አድራሻውን ለወረዳው አደረግሁት። ወረዳው ምን ያድርግ? ወታደር በወረዳ አይሰናበትም። ማመልከቻዋ ፋይል ውስጥ ገብታ ቀረች። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሦስት ወር አባክኜባታለሁ። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ አንድ ነገር ሳልጠይቃት መጻፌ ነው።

በየካቲት ተመልሳ ስትመጣ ጠየቅኳት።

«ልጅሽ ዕድሜው ስንት ነው?»

«ዐሥራ ሰባት ዓመት ከመንፈቅ።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። የቀበሌውን ደብዳቤ እንደገና ከፌስታሉ አስወጣኋት። ታኅሣሥ 2014 የተጻፈ ነው። «ዕድሜ 19» ይላል።

ልጁን በኋላ ስጠይቀው እውነቱን ነገረኝ። «18 ብል ይጠረጥሩኛል ብዬ ነው 19 ያልኩት» አለ። ቁመቱ ረዘም ያለ ነው። የጻፈለት ሰው ቀና ብሎ አየውና ጻፈ። ማስረጃ አልተጠየቀም። የተጻፈው ለእናቱ አልተነበበላትም። አንዲት ቁጥር ናት፤ ልጁ ማሰልጠኛ የገባው፣ የተፈራረመው፣ መታወቂያ የወጣለት ሁሉ በእሷ ነው።

ለምን ማስረጃ እንዳልነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ በ2004 ወጣ። ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ግን በ2008 መጨረሻ ነው። ልጁ ያኔ ዐሥራ አንድ ዓመት ሊሞላው ነበር። ስለዚህ የልደት ምስክር ወረቀት የለውም። የክትባት ካርዱ በስደቱ ጠፍቷል። ክርስቲያን ቤት ቢሆን የክርስትና ወረቀት ይፈለግ ነበር። ይህ የሙስሊም ቤት ነው። የቀረው የእናት ትዝታ ነው።

«መቼ ነው የወለድሽው?» አልኳት።

«በምርጫው ዓመት። ምርጫው አልፎ፣ ክረምቱ ሲጠና። ነሐሴ ላይ። ሚሊኒየሙ ሲከበር ሁለት ዓመቱን ደፍኖ በግቢው ይሮጥ ነበር።»

ምርጫው ግንቦት 1997 ነው። ሚሊኒየሙ መስከረም 2000። ቆጠርኩት። ነሐሴ 1997 ተወልዶ ታኅሣሥ 2014 ከተመዘገበ፣ ሲገባ ዐሥራ ስድስት ዓመት ከአራት ወሩ ነበር። እናት በዓመተ ምሕረት አትቆጥር ይሆናል። በምርጫ፣ በድርቅ፣ በበዓል ትቆጥራለች። አቆጣጠሯ ግን ትክክል ነው፤ ወረቀት ላይ የሚያሳርፍላት ሰው ነው ያጣችው።

ግን መሥሪያ ቤት ትዝታ አይቀበልም። ትምህርት ቤቱ ሄደሽ የአንደኛ ክፍል ሮስተር ጠይቂ አልኳት። እኔ ተስፋ አልነበረኝም። በዚያ ጦርነት ስንት ትምህርት ቤት መዝገቡ ሜዳ ላይ ተበትኗል። እዚህ ግን አንድ መምህር ከመሸሹ በፊት አሮጌዎቹን መዝገቦች ማዳበሪያ ውስጥ ጠቅጥቆ ቤቱ ጣራ ሥር ሰቅሏቸው ነበር። አላህ ይስጠው። ያንን ሰው አንድ ቀን እጁን ልስም እፈልጋለሁ።

ሮስተሩን በዓይኔ አይቼዋለሁ። የ2005 የአንደኛ ክፍል ነው። ጠርዙን አይጥ በልቶታል። መሐሉ ላይ ውሃ ገብቶ ሰማያዊው ቀለም ተሰራጭቷል። ተራ ቁጥር 31 ላይ የልጁ ስም፣ ጾታ «ወ»፣ ዕድሜ 7። ሰባቷ መሐሏ ላይ አጭር ጭረት አላት። የ2011 የሰባተኛ ክፍሉም ተገኘ፤ እዚያ 13 ይላል። ሁለቱም ከእናቱ ቆጠራ ጋር አንድ ናቸው። ርዕሰ መምህሩ ቅጂ አድርጎ፣ ከዋናው ጋር ተመሳክሯል ብሎ ማኅተም መታበት። ጎረቤት የሆኑ ሦስት ሰዎችም ቃለ መሐላ ሰጡ። አንደኛዋ ስትወልድ የነበሩት አዋላጅ ናቸው።

ልጁ ሚያዝያ ላይ ለዒድ የ15 ቀን ፈቃድ አግኝቶ መጣ። ማመልከቻው ላይ መፈረም ያለበት እሱ ስለሆነ ተነስቼ ሐይቅ ሄድኩ። ከዚያ በእግር። ቤቱ ስደርስ ሲቪል ለብሶ እንጨት ይፈልጣል። ጢሙ ገና አላቀናም። ሰላም ሲለኝ ግን እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ነው የቆመው። ልብ ይነካል።

የዚያን ማታ ቡና ተፈልቶ ዱዓ ከተደረገ በኋላ ዋናው ክርክር ተነሳ። የእናቱ ወንድም አለ። ሐሳቡ አጭር ነው፦ አይመለስ። እዚሁ ጥቂት ይሸሸግ፣ ከዚያ በጂቡቲ አድርጎ ሳዑዲ ይሻገር። ከዚህ አካባቢ በዚያ መንገድ ያልሄደ ቤት ጥቂት ነው። «ወረቀት ስትጽፉ ልጁን ትገድሉታላችሁ» አለኝ። ክፋት አልነበረውም። የእህቱን ልጅ ማትረፍ ነው የፈለገው።

ሕጉን ነገርኳቸው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 288 ኩብለላ ይባላል። በፈቃድ ወጥቶ ላለማገልገል ብሎ በዚያው መቅረትም ኩብለላ ነው። በሰላም ጊዜ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። በአስቸኳይ ጊዜ፣ በክተት ወይም በጦርነት ጊዜ ከሆነ ከ5 እስከ 25 ዓመት። እጅግ ሲከብድ ዕድሜ ልክና ሞትም አለበት። ልጁ ዛሬ በእጁ ያለው ንጹሕ ጥያቄ ነው። ከጠፋ ግን ጥያቄው ይሞትና ክስ ይወለዳል። ያኔ ሮስተሩን ይዞ የት ይቀርባል?

አጎትየው አልተዋጠለትም። እኔ የቢሮ ሰው ነኝ፤ ምን አውቃለሁ ብሎ ይሆናል። ያኔ ከጥግ ተቀምጠው የነበሩት ጎረቤት ሽማግሌ ተናገሩ። እኚህ ሰው በደርግ ዘመን ብሔራዊ ውትድርና ዘምተዋል። አዋጁ የወጣው በ1975 ነው፤ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለው ሁሉ ስድስት ወር ሰልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል። እሳቸው በ1980 ከገበያ ነው የታፈሱት።

«ሁለት ዓመት ነው አሉን። ሁለቱ አለፈ፣ የሚያሰናብተን የለም። በ1982 መጨረሻ ጠፋሁ» አሉ። ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ቤቴ ግን አልገባሁም። በባቲ በኩል ወርጄ የሰው ማሳ ስኮተኩት ስምንት ወር ኖርኩ። ውሻ በጮኸ ቁጥር እነሳለሁ። እናቴ የሞተችው ያኔ ነው። የሰማሁት በሁለት ወሩ ነው። መቃብሯ ላይ አልቆምኩም። በግንቦት 83 ደርግ ባይወድቅ ኖሮ መቼ እንደምገባ አላህ ነው የሚያውቀው። እኔ ወረቀት የሚጽፍልኝ አልነበረም። የሚሰማኝም አልነበረም። አንተ አለህ፣ ሞክረው።»

ቤቱ ዝም አለ። ልጁ አቀርቅሮ ምንጣፉን ሲነካካ ቆየና «እመለሳለሁ» አለ። «ግን ወረቀቱን ይዤ ነው የምመለሰው።»

አጎትየው ወጥቶ ሄደ። እናትየው ጀባ ብላ ሦስተኛውን ቀዳችልን።

ማመልከቻውን በኩራዝ ብርሃን ጨረስነው። እንዴት እንደተጻፈ ላሳይ፣ ምክንያቱም ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ጉዳዩ፦ «በምልመላ ወቅት ዕድሜዬ ከ18 ዓመት በታች ስለነበር ከሠራዊቱ እንድሰናበት ስለመጠየቅ» ይላል። ቀጥሎ፦ «ታኅሣሥ 2014 ስመዘገብ ዕድሜዬን 19 ብዬ ያስመዘገብኩት እኔ ነኝ። ትክክለኛው የትውልድ ጊዜዬ ነሐሴ 1997 ነው። ለዚህም የ2005 እና የ2011 የተማሪ መዝገብ ቅጂ፣ የሦስት ምስክሮች ቃለ መሐላ አያይዣለሁ። እስካሁን የተሰጠኝን ግዳጅ ሁሉ ተወጥቻለሁ። ይህን ማመልከቻ ያቀረብኩት በሥራ ላይ እያለሁ ነው። ውሳኔ እስኪሰጠኝም በሥራዬ ላይ እቆያለሁ።»

ናፍቆት የለበትም። ልመናም ክስም የለበትም። ውሸቱን ራሱ አስቀድሞ ማመኑ ጥሩ ነበር፤ ሌላ ሰው ቢያገኘው ኖሮ ይከብድ ነበር።

የሕጉን ነገር በአንድ አንቀጽ ብቻ አስገባሁት። ኢትዮጵያ ሕፃናት በትጥቅ ግጭት ስለሚሳተፉበት ሁኔታ የወጣውን ዓለም አቀፍ ፕሮቶኮል በ2006 ተቀብላለች። ፕሮቶኮሉ ድንጋጌው ተጥሶ የተመለመሉ ሰዎች ከአገልግሎት እንዲለቀቁ መንግሥታት የሚቻላቸውን እንዲያደርጉ ይላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) መሠረት ደግሞ የተቀበልነው ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። አንድ ነገር ሆን ብዬ አስቀረሁ። የወንጀል ሕጉ ራሱ ከ18 ዓመት በታች ያለን ሰው ለውጊያ መመልመልን ከጦር ወንጀሎች መሐል ያስቀምጠዋል። ይህን ብጽፍ አንባቢው ራሱን ሊከላከል ነው የሚነሳው። እኛ ደግሞ የሚያስፈልገን እንዲፈርም ነው። እስከ ነሐሴ ድረስ ልጁ በሕግ ገና ሕፃን ስለነበር፣ እናቱም በወላጅነቷ የራሷን ደብዳቤ ፈርማ አያያዝን። አውራ ጣቷን ነው ያሳረፈችው።

ስንለያይ አንድ ነገር አደራ አልኩት። ለሻምበል አዛዥህ ስጥ፣ ከራስህ አለቃ ዘለህ አትሂድ። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርግ። ቁጥርና ቀን የተመታበትን ቅጂ ያዝ።

እንዳልኩት አደረገ። አዛዡ አንብቦ ሲጨርስ ቀና ብሎ አየውና «19 ነኝ ያልከው አንተ አይደለህም እንዴ?» አለው።

«ነኝ። ዋሽቻለሁ ጌታዬ።»

አዛዡ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ፈርሞ ወደ ሰው ሀብት መራው። ይህን አዛዥ አላውቀውም፤ ግን ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ሊያስቀረው ይችል ነበር።

የልጅ ውሸት ጉዳዩን ይዘጋዋል ወይ የሚለውን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። በኔ እምነት አይዘጋውም። ፕሮቶኮሉ ስለ ምልመላ ሲናገር አስተማማኝ የዕድሜ ማስረጃ ይጠይቃል። የልጅ አፍ አስተማማኝ ማስረጃ አይደለም። የሚመዘግበው ትልቅ ሰው ነው መጠየቅ የነበረበት።

በሐምሌ መጀመሪያ ለዕድሜ ምርመራ ሆስፒታል ላኩት። የእጅ አንጓው በራጅ ታየ። ይህ ምርመራ የሚያየው አጥንቱ ማደጉን ማቆም አለማቆሙን ነው። እድገቱ አንዴ ከተዘጋ ሃያ ዓመቱንና ሃያ አምስት ዓመቱን አይለይም። ለዚህ ነው ቶሎ መጠየቅ የሚያስፈልገው። ውጤቱ «ከ17 እስከ 19» ብሎ መጣ። ልጁ ደውሎ ሲነግረኝ ድምፁ ተሰብሯል። 19ን ሲሰማ አለቀልኝ ብሎ ነው።

አላለቀም ነበር። ትልቁን ቁጥር እንውሰድ። ሐምሌ 2015 ላይ ድፍን 19 ቢሆን እንኳ፣ ከዚያ አንድ ዓመት ከሰባት ወር በፊት ሲመዘገብ 17 ዓመት ከአምስት ወሩ ነበር ማለት ነው። ይህችን ስሌት በሦስት መስመር ጽፌ ተጨማሪ ማመልከቻ አደረግኳት። ጉዳዩን የያዘችው እሷ ትመስለኛለች፤ ሮስተሩና ራጁ ተደጋገፉ።

ከዚያ ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሁሉም ነገር ቆመ። መንገዱ ክፉ ሆነ። እናትየው ወራት ሙሉ የልጇን ድምፅ ሳትሰማ ቆየች። በየሁለት ሳምንቱ ገበያ ስትወጣ ወደኔ ትመጣለች። የምነግራት አልነበረኝም። «አብሽሪ» እላታለሁ፣ ትቀመጣለች፣ ሻይ እንጠጣለን፣ ትሄዳለች። ያን ጊዜ አጎትየው ትክክል ነበር ይሆን እያልኩ ሌሊት ነቅቼ አውቃለሁ። አሁንም ለዚህ ጥያቄ ቀላል መልስ የለኝም። ልጁ በዚያ መሐል ቢሞት ኖሮ እኔ ነበርኩ የመለስኩት።

ልጁ በሰኔ 2016 ተሰናበተ። ዕቃውን አስረክቦ፣ ክሊራንስ ጨርሶ፣ የስንብት ወረቀቱን ተቀበለ። ምክንያቱ የዕድሜ ጉዳይ መሆኑ ተጽፎበታል። ቀጥታ ወደ ቤት አልመጣም። ኮምቦልቻ አክስቱ ጋ ተቀመጠ። ቀን ጎማ ቤት ይሠራል፣ ማታ ይማራል።

ሲገቡ 18 ዓመት ሞልቷቸው ለነበሩት ይህ በር የለም። እነሱ የፈረሙበትን ጊዜ መጨረስ፣ በሕመም ወይም በጉዳት ቦርድ መውጣት፣ አለበለዚያ በቂ የቤተሰብ ምክንያት አቅርበው በአለቃቸው በኩል መጠየቅና ውሳኔውን መጠበቅ ነው ያላቸው። ከሦስቱ እናቶች የሁለቱ ልጆች እንዲህ ናቸው። ማመልከቻ ጽፌላቸዋለሁ፤ መልስ ገና አልመጣም። ሦስተኛዋን ግን ከየትኛውም ወረቀት በፊት ትምህርት ቤት ልኬያታለሁ።

ባለፈው ኅዳር የመጀመሪያዋ እናት እንደገና መጣች። ልጁም አብሯት ነበር። ለልደት ምስክር ወረቀት ዘግይቶ ማስመዝገቢያ ላጽፍ ነው አለች። ቅጹን ዘረጋሁ። የትውልድ ቀን የሚለው ጋ ስደርስ እጄን ያዘችው።

«ቆይ» አለች። «መጀመሪያ በቃልህ ንገረኝ።»

«ነሐሴ 1997» አልኳት።

«አዎ። አሁን ጻፈው።» ጻፍኩት። ወደ ልጇ ዞረች። «አንተ አንብብልኝ።»

አነበበላት።